ሳንቲሙን ማን ጣለው? የእግር ኳስ ተጫዋቾች ደመወዝና የከፋዩ ጥያቄ

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲያበጁለት፣ ውሳኔው በሁለት ተጻራሪ ወገኖች ዘንድ ሙግት አስነሣ። አንደኛው ወገን ኳስ ተጫዋች ከሐኪምና ከመምህር ብዙ እጥፍ ማግኘቱ ቀድሞውንም ተገቢ አልነበረም ይላል። ሌላው ገበያ የሰጠውን ዋጋ ማንም በስብሰባ ሊቀንሰው አይገባም ሲል ይሟገታል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለቱም ወገኖች ሊቀድም የሚገባውን ጥያቄ ዘልለውታል የሚል ነው። ተጫዋቹ «ይገባዋል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት ደመወዙ ከማን ኪስ፣ በማን ፈቃድ እንደወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ እንደ አገሩና እንደ ስፖርቱ ዓይነት ይለያያል፤ በእኛ አገር እግር ኳስ ደግሞ መልሱ ሁለቱንም ወገኖች የሚያስደስት አይደለም።

በፍልስፍናው ዘርፍ የስፖርተኛ ገቢ የክርክር ምሳሌ ሆኖ የገነነው በሮበርት ኖዚክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በታተመው «ሥርዓተ አልበኝነት፣ መንግሥትና ዩቶፒያ» በተሰኘው መጽሐፉ የቅርጫት ኳሱን ኮከብ ዊልት ቻምበርሌይንን ይጠራል። ተመልካቹ ወደ ስታዲየም ሲገባ ከትኬቱ ዋጋ ላይ 25 ሳንቲም ለይቶ የቻምበርሌይን ስም በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ይጥላል። በአንድ የውድድር ዘመን 1 ሚሊዮን ሰው ቢገባ ተጫዋቹ 250,000 ዶላር ይዞ ይወጣል። የኖዚክ ጥያቄ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳንቲም ወድዶ ከጣለ፣ ከዚህ የተገኘው ሀብት በምን ሕግ ፍትሐዊ አይደለም ሊባል ይችላል? ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ጆን ሮልስ የተፈጥሮ ተሰጥኦ ባለቤቱ ያልደከመበት ዕድል ነው ብሎ ጽፎ ነበርና፣ ቁመቱን ቻምበርሌይን ለራሱ አልሰጠም የሚል መልስ ሊሰነዘር ይችላል። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ እዚህ ለመቋጨትም አልሞክርም። ከኖዚክ የምዋሰው ሣጥኑን ብቻ ነው።

ሣጥኑ ባለበት ቦታ ስለ «ይገባዋል» የሚነሣው ሙግት ወዲያው ይለዝባል። ሲሳይ ለማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የቦስተን ማራቶንን አሸንፎ የአንደኛነት ሽልማቱን 150,000 ዶላር ሲወስድ፣ በአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች ገንዘቡ በዛበት ብሎ የተከራከረ ሰው አልሰማሁም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ዱባይ ላይ በተከታታይ ሲያሸንፍም የአንደኛው ሽልማት 250,000 ዶላር ነበር፤ ያኔም የሰማነው ጭብጨባ እንጂ ቅሬታ አልነበረም። ለምን? ሯጩ ከኳስ ተጫዋቹ ይልቅ ስለደከመ ነው ማለት አይቻልም፤ እንጦጦና ሱሉልታ ላይ እኩል ደክመው አንድም ዶላር ሳያዩ የሚቀሩ ብዙዎች ናቸውና። የሚለየው ነገር ከፋዩ ነው። ገንዘቡን ያወጡት የውድድሩ አዘጋጆችና ስፖንሰሮች ናቸው፤ የሰጡትም ለማስታወቂያቸው ዋጋ አለው ብለው፣ በራሳቸው ስሌት ነው። ከእኛ ማዘጋጃ ቤት የጎደለ ነገር የለም።

ትልልቆቹ የዓለም ሊጎችም በመሠረቱ ከዚህ አይርቁም። ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ከዋክብት ኢኮኖሚክስ ባቀረበው ጥናት እንዳብራራው፣ ቴሌቪዥን አንድን ጨዋታ ለሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ሲያደርስ የጥቂት ችሎታ ብልጫ እጅግ ሰፊ የገቢ ልዩነት ያመጣል፤ ሁለተኛው ምርጥ ለአንደኛው ምትክ አይሆንምና። በእነዚህ ሊጎች የተጫዋቹ ደመወዝ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ከሚደረግ የክፍፍል ትግል የሚወጣ ድርሻ ነው። በአሜሪካው ኤንቢኤ የኅብረት ስምምነት መሠረት ተጫዋቾች ከቅርጫት ኳሱ ገቢ ግማሽ ያህሉን ይወስዳሉ። ጄራልድ ስከሊ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ደግሞ የቤዝቦል ተጫዋቾች በነፃነት መዛወር በማይችሉበት በዚያ ዘመን ለክለቦቻቸው ካስገቡት ገቢ እጅግ ያነሰ እንደተከፈላቸው አሳይቷል። ዴቪድ ሪካርዶ ስለ መሬት ኪራይ የተናገረው እዚህም ይሠራል፤ እህል የሚወደደው ኪራይ ስለሚከፈል አይደለም፣ ኪራይ የሚከፈለው እህል ስለተወደደ ነው። የተጫዋቹን ደመወዝ ብትቀንሱ ትኬት አይረክስም። ልዩነቱ ወደ ክለቡ ባለቤት ኪስ ይዞራል እንጂ ወደ መምህሩም ሆነ ወደ ነርሷ አይሄድም። «የእነሱን ቀንሶ ለእነዚህ መጨመር» የሚለው የተለመደ አስተያየት የሚዘነጋው ይህን ነው።

እንግሊዝ ይህን በተግባር አይታዋለች። እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 1961 ድረስ በእንግሊዝ ሊግ የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ ጣሪያ ነበረው። ስታዲየሞቹ በሰው ይሞላሉ፣ የበሩ ገቢ ወደ ክለቡ ይገባል፣ ተጫዋቹ ግን ጣሪያው ላይ ይቆማል። ውጤቱ የሚጠበቅ ነበር፤ ክለቦች በጓሮ በር መክፈል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሰንደርላንድ ከመዝገብ ውጭ ከፍሎ በመገኘቱ 5,000 ፓውንድ ተቀጣ። በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ እንደሚያደርግ ካስጠነቀቀ በኋላ ጣሪያው ተነሣ፤ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስም በሳምንት 100 ፓውንድ የሚያገኝ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ያ ጣሪያ ፍትሕ የጎደለው ነበር ብል አላመነታም፤ ሣጥኑ ሞልቶ ሳለ ስሙ የተጻፈበትን ሰው እጁን ያሠረ ነበርና።

አሁን ወደ እኛው ፕሪሚየር ሊግ እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ የክለቦቹን ስም ማንበብ በቂ ነው፦ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ። «ከተማ» የሚለው ቃል በስሙ ላይ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም፤ አብዛኛው የክለቡ ወጪ ከከተማው አስተዳደር ካዝና መውጣቱንም ይነግረናል። ከእነዚህ ጎን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና የመከላከያው መቻል አሉ፤ እነዚህም የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ባንኩ ቢያንስ የራሱ ትርፍ አለው፣ ክለቡንም እንደ ማስታወቂያ ሊቆጥረው ይችላል፤ ስለዚህ በመካከለኛ ቦታ ይቆማል። በደጋፊ መሠረት ላይ የተገነቡት ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በዚህ ሊግ ውስጥ ደንብ ከመሆን ይልቅ ልዩ ሁኔታ ናቸው። በሌሎቹ ዘንድ የኖዚክን ሣጥን ብንፈልግ አናገኘውም። ሳንቲሙን የጣለው ግብር ከፋዩ ነው፤ ሲጥል ግን ለማን እንደጣለ አልተነገረውም፣ አልጥልም የማለት ምርጫም አልነበረውም።

የነገሩን ክብደት የሚያጎላ ሌላ እውነታ አለ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች ለቴሌቪዥን ሥርጭት እንዲመቹ ክለቦቹ ሁሉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው እየተፈራረቁ እንዲጫወቱ ተደርጓል። የሥርጭቱን መብት ሱፐርስፖርት መግዛቱና ሊጉ የስያሜ ስፖንሰር ማግኘቱ በጎ እርምጃ ነበር፤ በአገራችን እግር ኳስ ታሪክ ወደ እውነተኛ ሣጥን የሚቀርብ ነገር የታየውም ያኔ ይመስለኛል። ዋጋው ግን የሜዳ በር ገቢ ሆነ። አንድ ከተማ በበጀቱ የሚያኖረውን ቡድን አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ሜዳው አያየውም። ነዋሪው ከፋይ ነው፣ ተመልካች ግን ለመሆን የሳተላይት ዲሽ ያስፈልገዋል። ደመወዙ ከተመልካች ኪስ ተነጥሎ የቆመበት እንዲህ ያለ ሊግ በሌላው ዓለም መፈለግ አድካሚ ሥራ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሊግ ውስጥ የተጫዋች ዋጋ በምን ይወሰናል? በፉክክር ይወሰናል፤ ፉክክሩ ግን በሕዝብ ካዝናዎች መካከል ነው። የሊግ ሰንጠረዥ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ አንዱ ካልወረደ ሌላው አይወጣም። አንድ ከተማ ለአጥቂ ደመወዝ እጥፍ ቢከፍል ጎረቤቱም እጥፍ ይከፍላል፣ ሻምፒዮናው ግን አሁንም አንድ ነው፣ ወራጆቹም እንደ ቀድሞው ቁጥራቸው አይለወጥም። ያው ተጫዋች ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ዋጋው በየክረምቱ ይጨምራል፤ የጨዋታው ጥራት ግን በዚያው ልክ መጨመሩን የሚያሳይ ነገር የለም። በግል ባለሀብቶች መካከል ቢሆን ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው፤ ኪሳራውን ራሳቸው ይቀምሱታል። እዚህ ግን ተጫራቹ በሌላ ሰው ገንዘብ ይጫረታል። የከተማ ሹም ቡድኑ ከሊግ እንዳይወርድበት የሚሰጋው ስጋት እውነተኛ ነው፤ በጀቱ በመጉደሉ የሚደርስበት ስጋት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ተጫዋቹ ከደመወዙ እስከ 35 በመቶ የሥራ ግብር ይከፍላል የሚል መከራከሪያም ሰምቻለሁ፤ ገንዘቡ ከካዝና ወጥቶ ከፊሉ ወደ ካዝና መመለሱ ግን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ መዛወር ነው።

ያ ገንዘብ ሌላ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳው ጨዋታዎችን በሰው አገር ሲያደርግ ቆይቷል። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ባለሜዳ» የነበርነው ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ያን ድል በሜዳው ተገኝቶ ያጨበጨበ ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? የመልበሻ ክፍል፣ የመብራት፣ የሣርና የመቀመጫ ጉድለት በተጫዋች ደመወዝ ምክንያት ብቻ መጣ ማለቴ አይደለም፤ ግንባታ የራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ነገር ግን ለስፖርት ተብሎ የሚመደበው የከተማ በጀት በየዓመቱ በደመወዝ መልክ ሲያልቅ፣ ከዓመቱ በኋላ የሚቀረው የሚታይ ነገር የለም። የሁለት ዓመት ኮንትራት ያልቃል፤ ሜዳ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

እስካሁን የተባለው ተጫዋቹን ለመክሰስ የተሰነዘረ እንዳይመስል እሰጋለሁ። ተጫዋቹ የቀረበለትን ዋጋ የተቀበለ ሠራተኛ ነው፤ የሥራ ዘመኑም ቢበዛ ዐሥራ አምስት ዓመት ነው፣ ጉልበቱ ላይ አንድ ጉዳት ቢደርስ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ከዚህም በላይ ያ «ከፍተኛ» የተባለው ደመወዝ ብዙ ጊዜ ከወረቀት አይወርድም። ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርተው ልምምድ ያቆሙና ወደ ፌዴሬሽኑ አቤት ያሉ ተጫዋቾች ዜና ለአገራችን ስፖርት አንባቢ አዲስ አይደለም። በፊፋ ደንብ ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ካስቀረ ተጫዋቹ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ ይህን መብት ዐውቆ የሚጠቀም ግን ስንቱ ነው? ገቢ የሌለው አሠሪ የሚገባው ቃል በባሕርይው የማይታመን ነው። ከመጠን ያለፈ ደመወዝና ያልተከፈለ ደመወዝ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የ50,000 ብሩ ጣሪያ ያልሠራው በዚሁ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ጣሪያው የተጣለው በተጫዋቹ ላይ ነው፤ ችግሩ ያለው ግን በክለቡ በጀት ነው። ከ50,000 ብር በላይ የሚከፈለው ከመዝገብ ውጭ እንደሚከፈል በስፖርት ጋዜጠኞችና በክለብ አመራሮች አንደበት ሳይቀር በተደጋጋሚ ተነግሯል፤ ሰንደርላንድን ያሳታቸው የጓሮ በር እዚህም ተከፈተ ማለት ነው። ይሁንና ከእንግሊዝ ጋር ያለን መመሳሰል በዚህ ያበቃል። እነርሱ ጣሪያ የጣሉት በሞላ ሣጥን ላይ ነበር፤ እኛ የጣልነው በሌለ ሣጥን ላይ ነው። በዚያ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ አኃዝ በጥቂት ወራት ውስጥ ትርጉሙን በግማሽ አጣ። ቁርጥ ያለ የብር መጠን በሕግ ማስቀመጥ ዋጋው በየዓመቱ በሚለዋወጥ አገር ውስጥ የሚጸና ሥራ አይደለም።

የገበያውን መከራከሪያ ለሚያነሱ ወገኖች አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚያው የከተማ በጀት የሚተዳደሩ የሴቶች ቡድኖች አሉ፤ ክፍያቸው ከወንዶቹ እጅግ ያነሰ ነው። የወንዶቹ ደመወዝ የበለጠው ብዙ ተመልካች ስለሚስቡ ነው የሚባል ከሆነ፣ ተመልካቹ ያስገባው ገንዘብ የት አለ? በእንግሊዝ ወይም በስፔን ይህን መልስ መስጠት ይቻላል፤ ተጨባጭ የሥርጭትና የትኬት ገቢ አለና። ከፋዩ አንድ የሕዝብ ካዝና በሆነበት ቦታ ግን ገበያ የሚባለው ምክንያት የለም፤ ልዩነቱ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፣ ስለዚህም እንደማንኛውም የአስተዳደር ውሳኔ ምክንያቱ ሊጠየቅ ይገባል። ስለ ተጫዋቾች ደመወዝ በምናደርገው ክርክር ውስጥ ይህ ነጥብ እምብዛም አለመነሣቱ ይገርመኛል።

በእኔ አቋም ላይ ሊሰነዘር የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ የሚከተለው ነው። ቡድን የከተማ ኩራት ነው፤ ወጣቱን ያሰባስባል፣ ስሙን ያስጠራል። መንግሥት ለቲያትርና ለቤተ መዘክር ገንዘብ ይመድባል፣ ለኳስ ለምን አይመድብም? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ለኳስ መመደብ ይችላል። የከተማ ምክር ቤት በግልጽ ተወያይቶ፣ ለተጫዋች ደመወዝ ይህን ያህል ብሎ በበጀቱ ውስጥ በተለየ ርእስ አስፍሮ ቢያጸድቅ፣ ያ ውሳኔ የእኔን ስሌት ባይስማማም ሕጋዊ ሣጥን ሆኗል፤ የጣለው ሰው ለማን እንደጣለ ዐውቋልና። ዛሬ ግን ለአንድ ክለብ በዓመት ስንት እንደወጣ ለማወቅ የሚፈልግ ነዋሪ በቀላሉ የሚያገኘው ሰነድ የለም። ለምርምር የሚፈልግ ተማሪም ቢሆን ዕድሉ ከነዋሪው የተሻለ አይደለም።

ሌሎች የሄዱበት መንገድ ጣሪያውን ከተጫዋቹ አንሥቶ በክለቡ ላይ ማድረግ ነው። በስፔን ላ ሊጋ አንድ ክለብ ለቡድኑ የሚያወጣው ገንዘብ ከገዛ ገቢው ተሰልቶ ይወሰንለታል፤ ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት ሊዮኔል ሜሲን ሊያስመዘግበው ያልቻለው ተጫዋቹ ለመቆየት ተስማምቶ ሳለ ነው። ሜሲ ሄዶ ያረፈው ከጀርባው የኳታር መንግሥት ገንዘብ ባለው ፓሪ ሴን ዠርመን መሆኑ ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው፤ የከፋዩ ጥያቄ የድሃ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሆነው ዩኤፋም በውድድሮቹ የሚሳተፉ ክለቦች ለደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪል የሚያወጡት ከገቢያቸው እ.ኤ.አ. ከ2025/26 ጀምሮ ከ70 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል።

ይህን ሥርዓት ወደ እኛ ስናመጣው አንድ ነገር መለወጥ ያስፈልገዋል። የመንግሥት ድጎማ እንደ ክለቡ «ገቢ» ከተቆጠረ ደንቡ ከንቱ ይሆናል፤ ካዝናው በሰፋ ቁጥር ደመወዙም ይሰፋልና። የደመወዝ ልኩ ክለቡ ራሱ ካመጣው፣ ማለትም ከሥርጭት ድርሻ፣ ከስፖንሰር፣ ከማሊያ ሽያጭ፣ ከደጋፊ መዋጮና ከዝውውር ገቢ ብቻ መሰላት ይኖርበታል። ድጎማው ደግሞ ለሜዳ፣ ለታዳጊ ቡድኖችና ለአሠልጣኞች ሥልጠና ይዋል። ለውጡ በአንድ ዓመት ይደረግ ማለት ግን አይቻልም፤ አብዛኞቹ ክለቦች በማግሥቱ ይፈርሳሉ። ዩኤፋ ራሱ ከ90 በመቶ ጀምሮ በሦስት ዓመት ነው ወደ 70 የወረደው፤ ለእኛ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ያስፈልገን ይሆናል።

የደመወዝ መጠን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደሚወርድ ግልጽ ነው። ጥሩ ጥሩዎቹ ተጫዋቾች ወደ ውጭ ይሄዱብናል የሚለው ስጋትም ይነሣል። ሽመልስ በቀለ ለዓመታት በግብፅ ክለቦች ተጫውቷል፤ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ግብ ያስቆጠረው አቡበከር ናስርም ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛውሯል። ሁለቱም በሄዱበት አገር የተከፈላቸውን ገንዘብ ያወጣው የኢትዮጵያ ግብር ከፋይ አይደለም፤ ለብሔራዊ ቡድን ሲጠሩ ደግሞ ያዳበሩትን ልምድ ይዘው ይመጣሉ። እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች በርክተው ክለቦች ከዝውውር ገቢ ማግኘትን ቢለምዱ፣ ዛሬ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚዞረው አጥቂ የሚወጣው ገንዘብ የ15 ዓመት ልጆችን ወደማሠልጠን የሚዞርበት ምክንያት ይኖረዋል።